የእንቁጣጣሽ ደብዳቤዬ ላይ ፍቺዬን ልጻፈው ወይስ ዝም ልበል?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 37 ነው። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ በየዓመቱ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ የእንቁጣጣሽ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደተመረቀ፣ ማን እንዳረፈ በአንድ ገጽ ያሰፍራል። ፎቶ ኮፒ ያስነሳና ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ይልከዋል። እሱ ካረፈ በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። አሁን በእጄ እጽፈውና ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ። እናቴ፣ ጅማ ያለው አጎቴ፣ ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ፣ አማቴ ሳይቀሩ ይጠብቁታል።

ዘንድሮ ግን ሁሉ ነገር ተገለባበጠ። የካዛንቺስ ቤታችን ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እናቴ የትውልድ አገሯ ደብረ ብርሃን፣ እህቷ ጋ ገባች። እኛ ልደታ ኮንዶሚኒየም ተከራየን። መጋቢት ላይ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን በፍርድ ቤት ተፋታን። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለን። ሰኔ ላይ የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ቤት ውስጥ ድፎ ዳቦና ኬክ በትዕዛዝ መጋገር ጀመርኩ። ፍቺውን የምታውቀው ታላቅ እህቴ ብቻ ናት። ለእናቴ ‹ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል› እያልኩ ነው የማሳልፈው።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። አንዱ ‹ሁላችንም ደህና ነን› ይላል። ሌላው ሦስት ገጽ ነው፤ የሆዴን ሁሉ ዘርግፌበታለሁ። እህቴ ‹በበዓል ምድር የሰው ቤት አታቀዝቅዢ፣ መስቀል ይለፍ› ትለኛለች። የቱን ልላክ?

ግራ የገባኝ፣ ከልደታ»

የኔ እህት፣ ሁለቱንም አትላኪ።

ደብዳቤ ግን ላኪ። ዘንድሮ መቅረት የለበትም። ሦስተኛ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ አጭር፣ እውነተኛ፣ ማንንም የማያቆስል። ከዚያ በፊት ግን ካንቺ አፍ መስማት ያለባቸው ሰዎች አሉ። እናትሽ የልጃቸውን ፍቺ ከቴሌግራም ፎቶ ላይ ማንበብ የለባቸውም። የምመክርሽ ሁሉ እዚህ ላይ የቆመ ነው፦ የቅርብ ሰው ከአፍሽ ይስማ፣ የቀረው ከደብዳቤሽ ያንብብ።

መጀመሪያ ስለ አጭሩ ደብዳቤ። «ሁላችንም ደህና ነን» የሚለው ብቻውን ብዙ አይከፋኝም። የድሮ ደብዳቤያችን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ታሞ የከረመም፣ ሥራ የፈታም ያንኑ ይጽፋል። ሰላምታ ነው፤ ማንም እንደ ምስክርነት አይዘውም። ያንቺ ግን ከሰላምታው አልፏል። ታች ላይ ስትፈርሚ «ከነባለቤቴና ከነልጄ» ብለሻል። ይኼ ሌላ ነገር ነው። ለእናትሽ በስልክ ጨንቆሽ «ክፍለ ሀገር ሄዷል» ማለትሽን እረዳለሁ። አባትሽ በጀመሩት ደብዳቤ ላይ፣ በእጅሽ ጽፈሽ ማስፈር ግን ይከብዳል። ለገና ደግሞ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብሽ። ለፋሲካም ሌላ።

ደግሞም አይደበቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የባንክ ባልደረቦችሽ ያውቃሉ። የልጅሽ ትምህርት ቤት ያውቃል፤ ማን እንደሚያደርሰው፣ ማን እንደሚቀበለው ያያሉ። የካዛንቺስ ሰውም ሰፈሩ ቢነሳም እርስ በርሱ አልተጠፋፋም። ለቅሶ ላይ ይገናኛል፣ ሠርግ ላይ ይገናኛል፣ ይጠያየቃል። ከነዚህ ሁሉ አንዱ ደብረ ብርሃን ወይ ዋሽንግተን የሚደውልለት ሰው የለውም? ምናልባት አክስትሽ ሰምተው፣ እስክትነግሪያቸው እየጠበቁሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አላወቀም።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ልጅሽ ነው። አያቱ ደውለው «አባትህስ?» ሲሉት ምንድነው የሚመልሰው? ደብዳቤሽ ውስጥ አልነገርሽኝም። የ9 ዓመት ልጅ ስልክ በተነሳ ቁጥር ያንቺን ፊት እያየ የሚናገር ከሆነ ሸክሙን ለእሱም አካፍለሽዋል ማለት ነው። ለሌላ ለማንም ባትነግሪ ለእሱ ስትዪ ለእናትሽ ንገሪ።

ወደ ሦስቱ ገጽ ልምጣ። እውነት ነው ብዬ ነው ያነበብኩት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም፤ በፎቶውም ይታያል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ገንዘቡ የጻፍሽውን እዚህ አልደግመውም። ጽፈሽ ማውጣትሽ ጥሩ አድርገሻል። ነገር ግን አድራሻው የዘመድ ግሩፕ አይደለም። ለእህትሽ አንብቢላት። የንስሐ አባትሽ ጋ ሂጂ። የምትችዪ ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይዘሽው ግቢ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ጆሮ መስጠት ሥራቸው ነው። በቴሌግራም የላክሽው ግን ባንድ ጣት ወደ ሌላ ይተላለፋል፣ ስክሪንሾት ይነሳል፣ ካንቺ ስልክ ብታጠፊውም ከሰው ስልክ አይጠፋም። ልጅሽ አሁን 9 ዓመቱ ነው። 15 ሲሞላው አንዱ የአጎት ልጅ ያሳየዋል። አማትሽም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ የወለዱት ልጅ ላይ የተጻፈ ሦስት ገጽ በበዓል ጠዋት ሊያነቡ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። የበዓል ደብዳቤ ለብቻ የሚነበብ ነገር ሆኖ አያውቅም። ፖስታችን በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተቋቋመ ጀምሮ ደብዳቤ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን ቤቱ ሙሉ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ከጎረቤት ተጠርቶ ያነባል፣ ትልልቆቹ ከበው ያዳምጣሉ። ዛሬም ያው ነው። ደብረ ብርሃን አክስትሽ ቤት ቡና ሲፈላ አንዷ የእህት ልጅ ስልኩን ይዛ «የአዲስ አበባው ደብዳቤ መጣ» ብላ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ጎረቤት አለ፣ ሠራተኛ አለች፣ የጽዋ ማኅበር ሰው አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እናትሽን የሚያሳቅቅ ነገር ካለ ከደብዳቤው ይውጣ። ገበናን መጠበቅ እንዲህ ነው። ከእውነቱ መደበቅ ያለብሽ ይህን ያህሉን ነው።

እህትሽ «የሰው ቤት አታቀዝቅዢ» ማለቷ ከፍቅር ነው። ግን አባትሽ «ማን እንዳረፈ» ይጽፉ ነበር ብለሽኛል። እንግዲህ ያ ደብዳቤ ድሮም የደስታ ብቻ አልነበረም። ዓመቱ የሄደበትን ሁሉ የያዘ ደብዳቤ ነበር። ሞትን የቻለ ደብዳቤ ፍቺን አይችልም? መስቀል ይለፍ ማለቷንም አልቀበለውም። ከመስቀል በኋላ ደግሞ የአንዱ ሠርግ ይመጣል፣ የሌላው ክርስትና ይመጣል። ጥሩ ቀን አይገኝም። ልክ የሆነችበት አንድ ነገር ቢኖር ሰዓቱ ነው። በዋዜማው ሽንኩርት እየተላጠ፣ ዶሮው እየተበለተ፣ ሰው ሁሉ በጥድፊያ ላይ እያለ እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም።

እኛ ክፉ ወሬ መንገር የምናውቅ ሰዎች ነን። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቢ። ማንም ስልክ ደውሎ አይለቀውም። ማን ይንገር ተብሎ ይመከራል። ባለመርዶው ብቻውን እንዳይሆን ይታሰባል፤ በማለዳ፣ ከሥራው ሳይወጣ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ይገባል። መጀመሪያ መስማት ያለበት መጀመሪያ ይሰማል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። ፍቺ ሞት አይደለም፣ አንቺም ልጅሽም በሕይወት ናችሁ፤ ማንም ድንኳን አይጥልም። ግን ያ ጥንቃቄ፣ ያ ቅደም ተከተል ለፍቺም ይሠራል። ለሐዘን ጊዜ ያለንን ጨዋነት ለሌላው የሕይወት ለውጥ ለምን እንነፍገዋለን? በአንድ ቁልፍ ለአርባ ሰው እኩል መላክ ሲቻል ቅደም ተከተሉ እየቀረ መምጣቱ ያሳዝነኛል። እናትና የሩቅ የአጎት ልጅ በአንድ ሰከንድ እኩል መስማት የለባቸውም።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል። ከዚያ በኋላ፣ ጳጉሜን ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሂጂ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠዋት ከላምበረት መናኸሪያ ከተነሳሽ ለምሳ ትደርሻለሽ። እህትሽ አብራሽ ብትሄድ ጥሩ ነው። ልጁን ግን በዚህ ጉዞ አትውሰጂው፤ እናትሽ ቢያለቅሱ እሱን አይተው እንዳይውጡት።

እንደገባሽ አትንገሪያቸው። እግርሽን ሳታሳርፊ፣ ጎረቤት ሰላም ሊልሽ እየገባ እየወጣ አይሆንም። ይበላ፣ ቡና ይፈላ፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ ሰው ይበተን። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጪ። ብዙ አትዙሪ፣ ዙሪያ ጥምጥሙ ከወሬው በላይ ያስደነግጣል። «እማዬ፣ እኔና የልጄ አባት ተለያይተናል። መጋቢት ላይ ነው። ደህና ነኝ፣ ልጁም ደህና ነው። ክፍለ ሀገር ሄዷል ያልኩሽ እውነት አልነበረም፤ ቤትሽን ለቀሽ በከረምሽበት ዓመት ሌላ ሐዘን ልጨምርብሽ ስላልፈለግኩ ነው። ይቅር በይኝ።» ይኸው ነው። ከዚያ ዝም በይ። እሳቸው ይናገሩ።

ምን እንደሚሉ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ለፍቺው ሳይሆን ለመደበቅሽ ያዝናሉ ብዬ ግን እገምታለሁ። «እኔ ባዳ ነኝ እንዴ?» ይሉሻል። ተቀበዪው። አትከራከሪ፣ የእህትሽንም ምክር አታቅርቢ። «መታሽ ወይ? ጠጣ ወይ? ሌላ ሴት ነው ወይ?» ቢሉሽ የምትፈልጊውን ያህል ብቻ መልሺ። «ሁሉንም አንድ ቀን እነግርሻለሁ፣ ዛሬ ይብቃን» ማለት ነውር የለውም። የሚያከብሩት የንስሐ አባት ካላቸው በማግስቱ አብራችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ እናት የልጇን ነገር የምትቀበለው እዚያ ከተባረከ በኋላ ነው። ደግሞ እደሪ። ነግሮ መመለስ የለም። ነግረሽ፣ አብረሽ እራት በልተሽ፣ አብረሽ አድረሽ ጠዋት ቅዳሴ አብረሽ ሄደሽ ነው የምትመለሺው።

አጎትሽና አክስትሽ ደግሞ በስልክ። አክስትሽ ያሉበት ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በበዓሉ ቀን ከደብዳቤው ካወቁ፣ እሳቸው ከእንቅልፍ ነቅተው ሲደውሉ ያንቺ ቤት በእንግዳ የተሞላበት ሰዓት ይሆናል። በፊት ባለው ሳምንት፣ እሳቸው ሥራ በማይገቡበት ቀን ደውዪላቸው።

የጅማው አጎትሽ ግን ትንሽ መዘጋጀት ይፈልጋሉ። እንደ አጎት «ሽማግሌ ሳይገባበት? እኛ ሳንጠየቅ?» ማለታቸው አይቀርም። ይህ ግትርነት አይደለም፣ የሚያውቁት ሥርዓት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የነበረው ለሽማግሌዎች ነበር። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከመጣ ወዲህ ግን ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱም ዝም ብሎ ማኅተም አይመታም፤ ባልና ሚስት አስበውበት እንደሆነ ይጠይቃል፣ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ይህን ንገሪያቸው። «ጋሼ፣ ተመክሮበታል፣ ታስቦበታል፣ ውሳኔውም ወጥቷል። ሽምግልና አያስፈልገንም፣ ምርቃትዎ ግን ያስፈልገኛል» በያቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሚቀየመው ቦታ ሲነፈገው ነው። የሚመርቅበት ቦታ ስጪው። (በነገራችን ላይ ፍቺው ወረዳ ወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ አስመዝግቢው። በአዋጅ 760/2004 ግዴታ ነው፣ የፍቺ ምስክር ወረቀቱንም አንድ ቀን ትጠየቂያለሽ።)

አሁን ደብዳቤው። ላንቺ የጻፍኩት ይህን ነው፤ ቃሉን እንደ አፍሽ አስተካክዪው።

«እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ያሳለፍነው ዓመት በቤታችን ብዙ ነገር የተለወጠበት ነው። የካዛንቺስ ቤታችን ተነስቶ እማዬ ደብረ ብርሃን፣ እኔና ልጄ ልደታ ገብተናል። እኔና የልጄ አባት መጋቢት ላይ በስምምነት ተለያይተናል፤ በፍርድ ቤትም አልቋል። ልጃችንን ተጋግዘን እያሳደግን ነው፣ ሁለቱም ቤት የእሱ ነው። ሰኔ ላይ የባንክ ሥራዬን ትቼ ዳቦና ኬክ መጋገር ጀምሬያለሁ፤ ድካም አለው፣ ግን ወድጄዋለሁ። በዚህ ዓመት የተለዩንን ነፍስ ይማር፣ የወለዳችሁ እንኳን ማርያም ማረቻችሁ። ስትደውሉ ስለ እማዬ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዳቦው ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። መልካም አዲስ ዓመት!»

ፍቺው መሀል ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ቢሆን ደብዳቤው የፍቺ ደብዳቤ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ቢሆን አንባቢው ሌላውን ሁሉ ረስቶ እሱን ይዞ ይነሳል። ቤት መልቀቅና ሥራ መለወጥ መሀል ተቀምጦ ግን የዓመቱ አንድ ክፍል ነው፤ በእርግጥም እንደዚያ ነው። «በሚያሳዝን ሁኔታ» የሚል ነገር የለበትም። አንቺ ካዘንሽበት ሰዉ ያለቅሳል፣ አንቺ በረጋ ቃል ከጻፍሽው ሰዉም ይረጋል። ምክንያትም የለበትም፤ «ባለመግባባት» የምትል አንዲት ቃል እንኳን ብታስገቢ ሃያ ሰው «በምን?» ብሎ ይደውላል። «በፍርድ ቤት አልቋል» የምትለዋ አጭር ሐረግ ለማስታረቅ ለሚነሱት ናት። እሷን እንዳትቀንሻት። «በስምምነት» ያልኩት ደግሞ አንቺ ራስሽ ስለነገርሽኝ ነው፤ እውነት ባይሆን እንድትጽፊው አልፈቅድም ነበር።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ሥራ ትሰጠዋለች። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ክፉ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚል ጠፍቶት ነው። «አይዞሽ፣ ድሮም አልወደውም ነበር» የሚልሽ ዘመድ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚጠይቀው ነገር ስላጣ ነው። ስለ ዳቦው ይጠይቅሽ። ስለ ዳቦው ሲነሳ ግን ዋጋና ስልክ ቁጥር እዚያው አትጨምሪ። ትዕዛዙ ሌላ ቀን በሌላ መልእክት ይሄዳል። ሥራውንም የፍቺው መሸፈኛ አታድርጊው። የመጀመሪያው ረቂቅሽ ላይ ስለ ኬኩ አሥር መስመር ጽፈሻል፤ አንባቢ ያን ያህል ደስታ ሲያይ ምን ሊደብቁ ነው ይላል።

ከመላክሽ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው። አንዱ ልጅሽ ነው። ስለ እሱ የተጻፈችውን አሳዪው፤ «ይሄ ትክክል ነው? እንዲህ ብንል ደስ ይልሃል?» በዪው። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ኳሱ የሚጨምረው ካለ ይጨምር። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ ሥለው ቤት ለቤት የሚያዞሩትን ሥዕል የሚሥል ከሆነ ከደብዳቤው ጋር ፎቶውን ላኪው። ስልክ ሲነሳም የሚለው ይኑረው። «አባቴ ደህና ነው፣ ቅዳሜ እሱ ጋ ነበርኩ።» ያንን ለመናገር ያንቺን ፊት ማየት አይኖርበትም።

ሌላው አባቱ ነው። ይህን ስትሰሚ ፊትሽ እንደሚለወጥ አውቃለሁ። ሦስቱን ገጽ አንብቤያለሁ። ግን ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች የእሱም ሕይወት ናቸው። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። «ለዘመድ እንዲህ ብዬ ልጽፍ ነው፣ እንዳይደንቅህ» ብለሽ ሁለቱን ብቻ በአጭር መልእክት ላኪለት። አንድ ቃል ቀይሪልኝ ካለና እውነቱን የማይነካ ከሆነ ቀይሪለት። አትላኪ ካለሽ ግን ላኪ። እሱም ለራሱ ዘመዶች በራሱ ጊዜ እንዲነግር ቀን ስጪው፤ ደብዳቤሽ ቀድሞት እንዳይደርስ ነው።

የምትልኪበትን ቀን ጳጉሜን 3 አድርጊው። ሩፋኤል ነው፣ ሰው ጸበሉን ተጠምቆ ቤቱ ይገባል፣ የበዓል ጥድፊያውም ገና አልጦፈም። ሰው አንብቦ፣ ተገርሞ፣ ደውሎ፣ ተረጋግቶ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል። በበዓሉ ቀን ለሚደውሉልሽ አንድ መልስ ያዢ። «ደህና ነኝ፣ ዝርዝሩን ሌላ ቀን በርጋታ እናወራለን፣ እስኪ ልጁን ላቅርብልዎ።» ሁለተኛ ቢጠይቁሽ ያንኑ መልሺ። ሦስተኛም ያንኑ። እልህ አይደለም፤ በበዓል ጠዋት ወጥ እያማሰልሽ የትዳርሽን ዘመን ሁሉ ማስረዳት አትችዪም። ግሩፑ ውስጥ አንዱ ነገር ቢወረውር አትመልሺ። እህትሽን አደራ በያት። እስካሁን ዝም በዪ ስትልሽ ከርማለች፤ አሁን ዝም ማስባሉን ለእሷ ስጪያት።

አማትሽ ቀሩ። ስለ እሳቸው በደብዳቤሽ አንዲት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፣ ግን «ሳይቀሩ ይጠብቁታል» ስትዪ እንደምትወጃቸው ገባኝ። የልጅሽ አያት ናቸው፤ የመጋቢቱ ውሳኔ ያንን አይነካውም። ከዝርዝሩ በዝምታ አታውጪያቸው፣ እንደ ድሮውም ዝም ብለሽ አትላኪላቸው። ልጃቸው ከነገራቸው በኋላ ደውዪላቸው። «እማማ፣ በዓሉ ሳይደርስ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው። ደብዳቤውን ልላክልዎ ወይስ ዘንድሮ ይቅር?» ላኪ ካሉ እንደማንኛውም ዘመድ ይድረሳቸው። ከተቀየሙ፣ ስልኩንም ቶሎ ከዘጉት፣ ዘንድሮን እለፊያቸው። ያኔም ቢሆን መስከረም 1 ከሰዓት ልጁ ከአባቱ ጋር ሄዶ ይሳማቸው፣ አንድ ድፎ አስይዢው። አባቱ ያን ቀን ሥራ ካለው መስከረም 2ም ይሆናል።